ወንድሜ ያስተከለልኝ ጸጉር

መላጣነት የጀመረኝ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። አስተማሪ ሆኜ ወደ አገሬ መካነ ሰላም ስመለስ ግንባሬ አናቴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዬ አንቱ እየተባልኩ ነው ያለፈው። ሚኒባስ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ተነሥቶ «አባ፣ እዚህ ይቀመጡ» ይለኛል። ምን ላድርግ፣ እቀመጣለሁ። የማስተምረው ሒሳብ ነውና ሰሌዳው ላይ ክብ በሣልኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሳቅ ይነሣል። መጀመሪያ መጀመሪያ እቆጣ ነበር፤ በኋላ መቆጣቱም ሰለቸኝ። ሰው ይለመዳል ይላል። የሚለመድ ነገር አይደለም፣ ይታክትሃል እንጂ።

ይህን ነገር ከእኔ በላይ ያሳሰበው ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ያሏት ሁለት ልጆች እኛው ነን። አባታችን የሞተ ጊዜ ሁለታችንም ባገሩ ወግ ጭንቅላታችንን ተላጨን፤ የእሱ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ወዲያው ተመለሰ፣ የእኔ ግማሹ በዚያው ቀረ። «አባዬን ከልብህ ያዘንክ አንተ ነህ፣ እስካሁን ሐዘን ላይ ነህ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ሳዑዲ ከሄደ በኋላም በደወለ ቁጥር ሰላምታው አንድ ነው፤ «እማ እንዴት ናት? መላጣውስ?» ይላል፣ ስለ ሌላ ሦስተኛ ሰው እንደሚጠይቅ።

አንድ ቀን ገንዘብ ላከ። «ይኼ የጸጉር ነው» አለ። «ለቆርቆሮ፣ ለበሬ ምናምን ብትሉ አላውቅላችሁም። እዚህ ሰው ሁሉ እያስተከለ ነው። ስመጣ ያን አናትህን በጸጉር ካላየሁት ቤት አልገባም።» እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ «አንተ፣ ጸጉር እንደ ጎመን ይተከላል እንዴ?» ስትለው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኛ የሰማነው የመጨረሻው ሳቁ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አልደወለም፤ ስንደውልም ስልኩ አይሠራም።

ልጇ ዐረብ አገር የጠፋባት እናት ቤት ምክንያት የሚያቀብል ሰው አይጠፋም። ስልኩ ወድቆበት ነው አሉን። ተይዞ ይሆናል፣ ከተያዘ ደግሞ ይመልሱታል አሉን። የበረሃ ከብት ጥበቃ ገብቶ ይሆናል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም አሉን። ጎረቤታችን ሼሁ በየዱአቸው ስሙን ይጠሩታል፤ እናቴ ደግሞ ለማርያም ተሳለች። «አብሽሪ፣ ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም» ይሏታል ሼሁ። እሷም «ኢንሻላህ» ትላለች፣ ክርስቲያን መሆኗን ረስታ ሳይሆን ያገራችን አፍ እንደዚያ ስለሆነ። ስልኳን ግን ከጭኗ ላይ አታወርድም። ሊጥ እያቦካች ቢጠራ ብላ ክንዷን አንዱን ሁልጊዜ ንጹሕ ታደርገዋለች።

ገንዘቡን አልነካሁትም ነበር። አንድ ጠዋት እናቴ «ሂድና ጸጉሩን አስተክል» አለችኝ። «በዚህ ሁሉ መሐል ጸጉር?» ስላት «እንዲህ አስቀምጠን ስናየው የሙት አደራ ይመስላል፤ ደስ አይለኝም። ሕያው ሰው የላከውን ሰው ይጠቀምበታል» አለች። ፈቃድ ጠይቄ አዲስ አበባ ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እሷም አንቱ አለችኝ። ጭንቅላቴን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ካየች በኋላ ሁለት መንገድ አለ አለችኝ። ዘሩ በሁለቱም አንድ ነው፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ከኋላ የሚዞረው ጸጉር የማይረግፍ ዓይነት ስለሆነ ከእሱ እየተወሰደ ፊት ለፊት ይተከላል። ልዩነቱ አወሳሰዱ ላይ ነው። በአንደኛው መንገድ ከማጅራት ከፍ ብሎ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ተቆርጦ ይወጣል፤ ቦታው ይሰፋል፤ ከቁራጩ ላይ ጸጉሩ ከነሥሩ በአጉሊ መነጽር እየተለየ ይተከላል። ሙሉ በሙሉ መላጨት አያስፈልግም፤ የቀረው ጸጉር ስፌቱን ይሸፍነዋል። ግን ክሩ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ያህል አንገት ይጨመድዳል፣ ጎንበስ ማለት ያማል፣ ከዳነም በኋላ መስመር የመሰለ ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይቀራል። በሁለተኛው መንገድ መስፋት የለም። በጣም በቀጠነች ክብ መብሻ ጸጉሩ አንድ በአንድ ይወጣል፤ ቅርፊቱ በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ይራገፋል፤ የሚቀረው ተጠግቶ ላላየ ሰው የማይታይ ነጥብ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ መተኛት አለ፤ ጭንቅላትም ሙልጭ ተደርጎ ይላጫል።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ነጋዴ በአንደኛው መንገድ ውጭ አገር አስተክሎ ነበር። ሊያስጨምር ነው የመጣው። ጸጉሩን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ማጅራቱን አሳየኝ፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነጭ መስመር አለ። «ሕመሙስ ያልፋል» አለኝ። «ማስነጠስ ፈርቼ የከረምኩበት ሳምንት ነበር፣ እሱም አለፈ። አሁን ግን አጭር መቆረጥ አልችልም። ጸጉር ቆራጩ ማን ፈነከተህ ይለኛል።» ይኼን ሲለኝ ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት። አርጅታለች። አንድ ቀን ለእሷ መላጨቴ አይቀርም፤ ያን ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ሐዘኑን ትቶ ማጅራቴን ሲያይ ሊውል ነው። ገብቼ ለሐኪሟ «እኛ አገር ሰው ሲሞት እንላጫለን፤ መስመር የሌለውን አድርጊልኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «በዚህ ምክንያት የመረጠ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም» አለች። በሐሳቤ ወንድሜ አልነበረም። ለእሱ እላጫለሁ ብዬ አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

ከማደንዘዣው መርፌ በቀር የሚያም ነገር የለውም። ግማሹን ቀን በሆዴ፣ ግማሹን በጀርባዬ ተኛሁ። ደክሞኝ ስለነበር እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ነርሷ ትቀሰቅሰኛለች፣ እንደገና ይወስደኛል። ሲያልቅ መስታወት ሰጡኝ። አናቴ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ሐኪሟ ትእዛዟን ደረደረች፤ አናቴን ማንም እንዳይነካው፣ የሚያጠብቅ ኮፍያ እንዳላደርግ፣ ፀሐይ እንዳላይ፣ ትራስ ደራርቤ እንደ መቀመጥ ብዬ እንድተኛ። «በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ግንባርዎ ያብጥና እብጠቱ ወደ ዐይንዎ ይወርዳል፤ እንዳይደነግጡ» አለችኝ። «በኋላ ደግሞ የተተከለው ጸጉር ይረግፋል። ሥሩ ከሥር አለ፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ብቅ ይላል፣ እስኪሞላ ዓመት ይፈጃል። ታጋሽ ይሁኑ።» እኔን እንዳልደነግጥ ነገረችኝ። ለመካነ ሰላም የነገረ የለም።

የፈተና ሰሞን ስለነበር ብዙ መቆየት አልቻልኩም። ከደሴ በሚኒባስ ስነሣ ዐይኔ መጥበብ ጀምሮ ነበር። አናቴ መደገፊያውን እንዳይነካ ቀጥ ብዬ፣ በየጉድጓዱ አንገቴን በሁለት እጄ እየያዝኩ ነው የተጓዝኩት። አቀስታ ከተማ ላይ ሻይ ልጠጣ ስወርድ የዚያ አገር ንፋስ ሰፊ ባርኔጣዬን ነጥቆ ወሰደው። ሮጬ እንዳልይዘው መሮጥና ማላብ ተከልክያለሁ። ስመለስ ሚኒባሱ ጸጥ አለ። የተላጨ ጭንቅላት፣ ያበጠ ዐይን፣ ብቻውን ወደ አገሩ የሚገባ ሰው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በሹክሹክታ «ማን ነው የሞተብዎት?» አለችኝ።

«ኧረ ሰላም ነው» አልኳት።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ከፊት ያለው ሰውዬ ዞሮ «እግዜር ያጽናዎ» አለ። ሌላው «አላህ ያጽናዎ» አለ። ላስረዳ? ሙሉ ሚኒባስ ፊት፣ በዚያ ዐይን፣ አይ ጸጉር አስተክዬ ነው ልበል? ከሁለት ቀን መንገድ በኋላ ለዚህ የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም። «አሜን» አልኩ። ብገላገል ብዬ ነው። ሴትዮዋ የመካነ ሰላም ሰው ኖራለች፤ የማን ልጅ እንደሆንኩም፣ ዐረብ አገር የጠፋ ወንድም እንዳለኝም ታውቃለች። ቆየት ብላ ስልኳን አውጥታ ወደ መስኮቱ ዞራ ስታወራ አይቻለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ተኛሁ።

ከመናኸሪያው ወደ ቤት ስሄድ ባለ ሱቆቹ ከወንበራቸው ይነሡልኛል። አሁንም ለመላጣዬ መስሎኝ ነበር። በራችን ላይ ሴቶች ተሰብስበዋል፤ እናቴ ደፉ ላይ ቆማለች። ጭንቅላቴን አየችው። ቀጥላ ዐይኔን አየችው። ጸጉር ሊያስተክል የሄደ ልጇ የነበረችውንም ተላጭቶ መጣ።

«ሰማህ አይደል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

መልስ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና ጮኸች። ሴቶቹም ተቀበሏት። ባገሩ ወግ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ልታስደግፍ እጇን ዘርግታ ስትመጣ ሁለቱንም እጆቿን ያዝኳቸው። «እማ፣ አትንኪኝ» አልኳት። ቀኑን ሙሉ የተተከለው በአንድ እቅፍ ሊነቀል ነው። ሕዝቡ ግን ሐዘን አእምሮውን ነካው አለ። ሁለት ጎረምሶች ራሴን እንዳልጎዳ ከግራና ከቀኝ ያዙኝ።

አልሞተም፣ ያስተከልኩት ጸጉር ነው እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ተናገርኩ። ነገር በዐይን ይገባል ይባላል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ በጆሮ አይወጣም። ማጅራቴን አሳየሁ። ሐኪሟ ዘንድ ደውዬ በድምፅ ማጉያ አሰማኋቸው። «ሐኪም ለማጽናናት ምን ይላል ታዲያ» አለች አንዷ። በመጨረሻ ሼሁ ተጠግተው መነጽራቸውን አድርገው ከአናቴ እስከ ማጅራቴ አዩኝ። «ይኼ የምላጭ ብቻ አይደለም። እንደ ወንፊት ተበስቷል። ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። ለቅሶው ረገብ አለ። እናቴ ከመሬት ቀና ብላ «በእኔ ማልልኝ» አለችኝ።

«ወንድሜ መሞቱን አልሰማሁም፣ እናቴ ትሙት» አልኩ።

ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። ሰዉም አፍሮ፣ ግማሹም እየሳቀ ወጣ። ሁለታችን ስንቀር ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። በኋላ «ክፉ ሴት ነኝ» አለች። «ሳለቅስ ቀሎኝ ነበር። እፎይ ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ ከእንደገና ልጠብቅ ነው።» ስልኳን ከወደቀበት አንሥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሕግ አወጣች። ሽማግሌ ሊዋሽ ይችላል፣ ስልክም ሊዋሽ ይችላል፣ የሚኒባስ ሰው ደግሞ ታየ። «እኔ የሱን ነገር የምጠይቀው ያንተን ጸጉር ነው» አለችኝ። «ልጄ ከሞተ ተላጭተህ ና። ካልተላጨህ ማንም መጥቶ ቢነግረኝ አልሰማም።» የቀልዷን መስሎኝ እሺ አልኳት። ቀልዷን አልነበረም።

ቅርፊቱ ተራገፈ፤ እብጠቱ ቀድሞ ወርዶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሟ እንዳለችው የተተከለው ጸጉር መርገፍ ጀመረ። እኔ አውቀዋለሁ፣ እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት ትራሴ ላይ ያለውን እየለቀመች ፊቷ ይጠቁራል። «ሥሩ አለ እማ» እላታለሁ። «አየኸው?» ትለኛለች። «አይታይም፣ ግን አለ።» «እንደሱ ነዋ» ትላለች፣ ወንድሜን ማለቷ ነው። እነዚያ ወራት አደከሙኝ። በፊት መላጣ ስሆን ለራሴ ነበር፤ አሁን ግን በጸጉሬ ላይ የሰው ነፍስ ተንጠልጥሎ ወደ ክፍል እገባለሁ፣ ሰሌዳው ላይ ክብ እሥላለሁ፣ ይሳቃል።

ክረምቱ ሲወጣ ብቅ አለ። መጀመሪያ የሕፃን ጸጉር የመሰለ ስስ ነገር፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ጠነከረ። እናቴ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ በር ላይ ታስጎነብሰኝና እጇን ታሳልፍበታለች። «አለ» ትላለች፤ ትገባለች። ሌላ ነገር አትጠይቅም። በዓመቱ ማበጠሪያ ገዛሁ። ሚኒባስ ውስጥ የሚነሣልኝ ሰው ጠፋ፤ አንዲት ልጅ እንዲያውም «አንተ፣ ጠጋ በል» አለችኝ። ለማን ልንገር? ደውዬ የምነግረው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ሼሁና የነፍስ አባታችን የትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ከእነሱ ጋር አንድ ክንዱ የማይታዘዝለት ሰው አለ። የወግዲ ወረዳ ልጅ ነው፤ ከሳዑዲ ገና መመለሱ ነው። ከወንድሜ ጋር ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ መኪናው ተገልብጦ ነበር። እሱ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወረቀት የለህም ተብሎ እስር ቤት ከርሟል። ወንድሜ እዚያው መንገድ ላይ አልፏል። መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። ገንዘቡን በላከልኝ ሰሞን ነው። እንግዲህ እናቴ ያን ቀን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ስትጮህ ልጇ ሞቶ ነበር። እኔ ነኝ በእሷ ሞት ምዬ ከእውነተኛ ለቅሶዋ ያስነሣኋት።

«ነገ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌ ይዘን እንመጣለን፤ መርዶው በወጉ ይነገር» አሉ የነፍስ አባታችን።

«አትሰማችሁም» አልኳቸው።

ሼሁ ገባቸው። ያን ሕጓን ያውቃሉ። ከእኔ ጋር እስከ ጸጉር ቤቱ ድረስ በዝግታ ሄዱ። ቆራጩ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሰው ነው። ሲያየኝ ፈገግ ብሎ ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረልኝና «ዳር ዳሩን ላስተካክለው?» አለ።

«ሁሉንም።»

«ምን ነካህ፣ ገና አሁን ማማሩ ነው» ብሎ ሊቀጥል ሲል ሼሁን በሩ ላይ አያቸው። ሬዲዮኑን ዘጋ። ወንድሜ የላከልኝ ጸጉር እየተጠቀለለ ጭኔ ላይ ይወድቃል። በምላጭ ሲጨርስ ማጅራቴን በመዳፉ ጠረገና «ምንም አይታይም» አለኝ። ሐኪሟ እውነቷን ነበር፤ መስመር የለም።

እናቴ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሼሁ ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። ጥላዬ ሲያርፍባት ቀና አለች። ጭንቅላቴን አየችው። ከዚያ ዐይኔን አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። አላበጠም። ገና አላለቀስኩም ነበር።

«እንደገና ሊተክሉልህ ነው?» አለችኝ።

ሰፌዱን ከጭኗ አንሥቼ ጎን አስቀመጥኩና ተንበርክኬ ጭንቅላቴን በሰፌዱ ቦታ አስደገፍኩት። ያን ቀን ያራቅኩት እጇ ቀስ ብሎ መጣ፤ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ፣ ከማጅራቴ እስከ ግንባሬ ደጋግሞ ፈለገ። አልያዝኳትም።